ለወፍጮ ቤቴ ኬብል ያለበስኩት የተጎነጎነ ሽፋን፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ፍኖተ ሰላም ላይ ወፍጮ ቤት አለኝ፤ ሁለት ወፍጮ፣ ሁለት ባለ ሦስት ፌዝ (በሦስት የኤሌክትሪክ መስመር የሚሠራ) ሞተር። ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ አዲሱ በቆሎ መግባት ሲጀምር፣ የአንደኛው ሞተር ኮይል፣ ውስጡ የተጠመጠመው ሽቦ፣ ተቃጠለብኝ። ከስታርተሩ (ከማስነሻው ሳጥን) ወደ ሞተሩ የሚሄደው ኬብል የወፍጮውን የብረት እግር ተደግፎ ያልፍ ነበር። ወፍጮው በተነሣ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፣ ኬብሉም ከብረቱ ጠርዝ ጋር ይታሻል። ሁለት ዓመት ሲታሽና ሲታጠፍ ቆይቶ ከሦስቱ ፌዝ አንዱ ውስጥ ለውስጥ ተበጠሰ። ሞተሩ በቀሩት ሁለት ፌዝ እያጓራ ለመዞር ሲታገል፣ ሊያጠፋው የሚገባው የስታርተሩ መከላከያም ቀድሞ ተበላሽቶ ኖሮ፣ ኮይሉ ጋየ። የማስጠምጠሚያው ወጪ አንድ ነገር ነው። እኔን ያንገበገበኝ ግን እህል ተሸክመው ከገጠር የመጡ እናቶች ደጄ ላይ ቆመው «ዛሬም አይፈጭም?» ብለው ሲመለሱ ማየቱ ነው።

ያኔ ነው ለኬብሉ ልብስ መፈለግ የጀመርኩት። መጀመሪያ ያሰብኩት ሞተሩን አስጠምጥሜ፣ የተበጠሰውን ሽቦ ቀጥዬ፣ የተላጠውን ኬብል በናስትሮ ጠቅልዬ ሽፋን ላለብሰው ነበር። መብራት የሚሠሩልኝ አዛውንት አዩኝና «ልጄ፣ የተላጠ ኬብል አልብሰህ ልትደብቀው ነው? መጀመሪያ ቀይረው፣ ከዚያ አዲሱን ታለብሰዋለህ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ይህ ሽፋን ከመታሸት ይጠብቃል እንጂ ኤሌክትሪክ አያግድም። መረብ ስለሆነ ውኃም ብናኝም ያሳልፋል። የቆሰለ ሽቦ ላይ ከደረበው ሰው አደጋውን ከገዛ ዓይኑ ሰወረው ማለት ነው። ስለዚህ አዲስ ባለ አራት ሽቦ ኬብል ገዛሁ፤ ሦስቱ ለፌዝ፣ አራተኛው ለመሬት።

ሻጮቹ «ስሊቭ» ይሉታል። ለማያውቀው ሰው፣ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ እንደ ቱቦ የተሠራ፣ ቀጫጭን የፕላስቲክ ክሮች ያሉት ልባስ ነው። ሲገፉት ይሰፋል፣ ሲስቡት ይጠባል። በብዛት የሚሸጠው ከፖሊስተር የተሠራው ሲሆን እስከ 125 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይችላል፤ የሚቀልጠው 250 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለወፍጮ ሞተር ይህ ይበቃል። የናፍጣ ሞተር ያለው ሰው ግን ጭስ ማውጫው አጠገብ እንዳይሞክረው። እዚያ ከብርጭቆ ክር የተሠራው ዓይነት ነው የሚሆነው። አንዱ ደግሞ በርዝመቱ የተሰነጠቀና ራሱ ተመልሶ የሚጠቀለል ነው። ኬብሉን ሳይፈቱ ይለበሳል፣ ሲፈልጉም ይከፈታል። እኔ ድፍኑን መረጥኩ፣ ምክንያቱም ኬብሉ አዲስ ነበር፣ ጫፎቹም ገና አልታሰሩም። ዛሬ ብመርጥ በከፊል ሐሳቤን እቀይር ነበር፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ልኩ ላይ ተሳስቻለሁ። ኬብሌ 18 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ሽፋን «እስከ 19 ይለጠጣል» ስላሉኝ ገዛሁ። ገባ፣ እውነት ነው። ግን እስከ መጨረሻው ሲለጠጥ ቀዳዳዎቹ አፋቸውን ከፍተው ጥቁሩ ኬብል ወለል ብሎ ይታያል፤ ክር ያልሸፈነው ቦታ በዛ ማለት ነው፣ የብረቱም ጠርዝ የሚያገኘው ያንን ነው። ደግሞ ሲሰፋ ያጥራል። 8 ሜትር ለሆነ ኬብል 9 ሜትር ገዝቼ ሞተሩ ጋ ሳይደርስ አለቀ። ሁለተኛውን ከመርካቶ በሚመላለስ ዘመዴ በኩል አስመጣሁ፤ ባለ 20 ሚሊ ሜትር፣ 11 ሜትር። ዓባይ በረሃን ተሻግሮ እስኪደርስ ሁለት ሳምንት ቆየብኝ። በእሱ ግን መረቡ ጥቅጥቅ እንዳለ ተቀመጠ። ስለዚህ ትልቁን የመለጠጥ ቁጥር አትመኑ። የሽፋኑ ልክ ለኬብሉ ውፍረት የቀረበ ከሆነ ይበቃል፤ ርዝመቱን ግን ከሩብ በላይ አስበልጣችሁ ግዙ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳትጠይቁ አትግዙ፤ እሳት የማያራምድ ዓይነት መሆኑን። ሁለቱን ቁራጮች ደጅ አውጥቼ በክብሪት ሞከርኳቸው። የመጀመሪያው እየቀለጠ፣ እየተንጠባጠበ፣ ነበልባሉን ይዞ ቀጠለ። ሁለተኛው ክብሪቱን ስስብለት ወዲያው ጠፋ። ዱቄት በሚበንበት ቤት ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

አለባበሱ አንድ ከሰዓት በኋላ ወሰደብኝ። ብሬከሩን አጥፍቼ፣ ሳጥኑን ቆልፌ፣ በመፈተሻ ካቻቪቴ ብቻ ሳልተማመን በቮልት መለኪያ ሦስቱንም ፌዝ ለካሁ። ከዚያ መቁረጥ። በመቀስ ስቆርጠው ጫፉ እንደ ፈረስ ጭራ ተበተነ፣ አንድ ስንዝር ያህል ከንቱ ሆነ። መላው ቀላል ነው፦ የሚቆረጠው ቦታ ላይ ናስትሮ ሁለት ዙር ጠቅልሎ፣ ናስትሮው መሃል ላይ በጋለ ቢላ መቁረጥ። እኔ አሮጌ ቢላ ከሰል ላይ አግዬ ነው የቆረጥኩት። ክሮቹ ሲቆረጡ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ይቀራሉ። ጭሱን ግን አትማጉት፣ በር ክፈቱ።

ማስገባቱ ላይ ጉልበት አይሠራም። ከኋላ ብትጎትቱት ይጠብና ኬብሉን አንቆ ይይዘዋል። ከፊት አንድ ክንድ ያህሉን ሰብስቦ ማስፋት፣ ወደፊት መግፋት፣ ከዚያ የኋላውን መልቀቅ ነው፤ ልክ አባጨጓሬ ስትሄድ እንደምትሰበሰብና እንደምትዘረጋ። እጄ ይህን ሲለምድ የቀረው ስድስት ሜትር በአሥር ደቂቃ ገባ።

ጫፎቹን በሙቀት በሚኮማተር ቱቦ አሰርኳቸው። ቱቦው ሲሞቅ ወደ ግማሹ የሚጠብ ነው። ግማሹ ሽፋኑ ላይ፣ ግማሹ ኬብሉ ላይ እንዲያርፍ አድርጌ በፀጉር ማድረቂያ አሞቅሁት። የፀጉር ማድረቂያ ሙቀቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ታግሼ ዙሪያውን ማዞር ነበረብኝ። በላይተር ያደረጉት አይቻለሁ፤ አንድ ወገን ይጠቁርና ሌላው ሳይጠብ ይቀራል።

ሥራው አልቆ ሞተሩን ሳስነሳው ወደ ኋላ ዞረ። ኬብሉን ሳስር ሁለት ፌዝ አቀያይሬ ኖሯል፤ በሦስት ፌዝ ሞተር ሁለቱ ከተለዋወጡ አዟዟሩ ይገለበጣል። ቺንጋውን አውልቄ ስለሞከርኩ ወፍጮው አልተነካም። እናንተም ቺንጋ ሳታስገቡ ሞክሩ፤ አሮጌውን ከመፍታታችሁ በፊትም በየሽቦው ላይ ምልክት አድርጉ።

ከኅዳር እስከ ነሐሴ ዘጠኝ ወር ሆነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የአዝመራው ወራት አለፈ፤ ቀን ከሌት የምንፈጭበት። የበርበሬው ወቅት አለፈ፤ ክረምቱም ይኸው እየወጣ ነው። ባለፈው እሑድ በብረቱ እግር በኩል የሚያልፈውን ቦታ ፈትቼ አየሁት። ሽፋኑ ላይ የጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ክሯ አብረቅርቃ ለስልሳለች፣ ሁለት ክር ተበጥሷል። ሥሩ ያለው ኬብል ግን ጭረት እንኳ የለበትም። ለዚህ ነበር የገዛሁት፣ ሥራውንም ሠርቷል። ብረቱ ጠርዝ ላይ የአሮጌ ጎማ ቁራጭም አስሬበታለሁ፤ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ማድረግ ነበረብኝ።

ያልወደድኩት ዱቄቱ ነው። የመረቡ ዓይኖች ብናኝ ይይዛሉ። ከሦስት ወር በኋላ ጥቁሩ ሽፋን ነጭ ሆነ፤ በርበሬ ሲፈጭ ደግሞ ቅባት ያለው ቀይ ልጥፍ ያዘ። የታፈነ ኬብል ሙቀቱን በደንብ አያስወጣም፣ ደረቅ ዱቄትም ማገዶ ነው። አሁን በየሁለት ሳምንቱ መብራት አጥፍቼ በደረቅ ብሩሽ አራግፈዋለሁ። በአየር መንፊያ አልነካውም። በአየር ላይ የተንሳፈፈ ዱቄት ብልጭታ ካገኘ በአንዴ ይነዳል።

አይጥንም አያስቆምም። ሻጩ «አይጥ አይበላውም» ብሎኝ ነበር። መጋቢት ላይ ከግድግዳው ሥር፣ የእህል ጆንያ በሚደረደርበት በኩል፣ ሁለት ቦታ ተቆርጥሞ አገኘሁት፤ አንደኛው እስከ ኬብሉ ልባስ ደርሷል። ጥሩነቱ በጊዜ ማየቴ ነው። ያቺን ሁለት ሜትር አሁን በብረት ቱቦ ውስጥ አሳልፌያታለሁ። አይጥ ባለበት ቦታ ፕላስቲክ ምንም ያህል ቢጎነጎን ጥርስ ያሸንፈዋል፣ ብረት ብቻ ነው መልሱ።

ድፍኑን በመምረጤ የተጸጸትኩትም ያኔ ነው። የተቆረጠመውን ቦታ ለማየት ሞተሩ ጋ ያለውን ማሰሪያ ፈትቼ፣ የተኮማተረውን ቱቦ ቀድጄ፣ ሽፋኑን ወደ ኋላ መግፋት ነበረብኝ። የተሰነጠቀው ዓይነት ቢሆን በጣት ከፈት አድርጎ ማየት ይቻል ነበር። በመታሸት በኩል ግን ድፍኑ ይሻላል፤ የሚከፈት መስመር የለውም፣ ሲንቀጠቀጥም አይላቀቅም።

ዋጋው ከተራው ጥቁር ፕላስቲክ ቱቦ በሜትር እጥፍ ያህል ወጥቶብኛል። ያ ቱቦ ለግድግዳ ጥሩ ነው። ከሚንቀጠቀጥ ወፍጮ ጋር ሲታጠፍ ግን ይሰነጠቃል፤ ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ።

ለሁለተኛው ወፍጮ አሁን አዝዣለሁ፤ እሳት የማያራምደውን ባለ 20 ሚሊ ሜትር። በብረቱ እግር በኩል ድፍኑን፣ ከሞተሩ ጎን ላለው አንድ ሜትር የተሰነጠቀውን፣ በጆንያዎቹ በኩል ደግሞ ከመጀመሪያው የብረት ቱቦ። አዲሱ በቆሎ ሳይደርስ፣ መስከረም ውስጥ ላለብሰው አስቤያለሁ። የስታርተሩን መከላከያ ለመቀየር ግን እስከዚያ አልጠበቅሁም፤ የሁለቱንም ቀይሬያለሁ።