«4 ስታዲየም በ4 ቀን» የሚል ጥቅል ከመግዛታችሁ በፊት የእኔን ምሰሶ እዩ

ባለፈው ሰመር ምሰሶ ገዝቼ መጣሁ። ቀልድ አይደለም። ቦስተን ፌንዌይ ፓርክ የሚባለው የቤዝቦል ስታዲየም ውስጥ፣ እኔና የእህቴ ልጅ ከወፍራም የብረት ምሰሶ ጀርባ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠን ተመለስን። ፒቸሩን፣ ኳስ ወርዋሪውን ማለቴ ነው፣ አላየነውም። ኳሱ ሲመታ ድምፁን እንሰማለን፣ ሰው ሁሉ ብድግ ይላል፣ እኛም ብድግ እንላለን።

ልጁ 12 ዓመቱ ነው። ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዶ ያደገ፣ ቤዝቦል ሲባል እንቅልፍ የሚያጣ። እኔ ደግሞ ከእግር ኳስ ሌላ ስፖርት አላውቅም፤ እስካሁን ኢኒንጉ (ጨዋታው የሚከፈልበት ዙር) ማለቁን የሚነግረኝ እሱ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ስታዲየም ላዞረው ቃል ገባሁ። መንገዱ ቀላል ነው፤ ከእኛ ሰፈር አይ-95 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዞ ወደ ሰሜን መንዳት ነው። ባልቲሞር፣ ፊላደልፊያ፣ ኒውዮርክ፣ ቦስተን በዚያው መስመር ተደርድረዋል።

በዚያ ሰሞን ስልኬ ላይ አንድ ማስታወቂያ መጣ። አራት ጨዋታ፣ ሆቴል፣ ፓርኪንግ፣ ለሁለት ሰው 1,900 ዶላር። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና እንደሚባለው ሆነ።

የሚገርመው ዋጋው ላይ አልዋሹም። ከሜይ 12፣ 2025 ጀምሮ በፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ መሠረት ትኬትና ሆቴል የሚሸጥ ሁሉ የማይቀሩትን ክፍያዎች ደምሮ ጠቅላላውን ከመጀመሪያው ማሳየት አለበት። ድሮ 60 ዶላር ያላችሁት ትኬት መክፈያው ላይ ስትደርሱ 85 ሆኖ ይጠብቃችሁ ነበር። ይሄኛው 1,900 ብሎ 1,900 ወሰደ። እኔም ሌባ ዋጋ ላይ ብቻ የሚሰርቅ ይመስል ልቤን ጥዬ ከፈልኩ።

ልብ ያላልኩት የወንበር ቁጥር አለመኖሩን ነው። «ታችኛው ደረጃ ወይም ተመሳሳይ» ይላል፤ ሌላ ነገር የለም። ሴክሽን የለም፣ ረድፍ የለም። ትኬቱ «በጨዋታው ቀን ይላካል»።

ባልቲሞር ላይ ጭራሽ አልተላከም። የከተማዋ ስታዲየም ካምደን ያርድስ በር ላይ ደርሰን ስልክ ስንጠብቅ ዝናቡ መጣ። ጨዋታው ሳይጀመር ለሌላ ቀን ተላለፈ። ዝናቡን በማንም አላሳብብም። ደንቡ የታወቀ ነው፤ ጨዋታው ሲተላለፍ ትኬታችሁ ለተተኪው ቀን ያገለግላል፣ ገንዘብ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ግን የቱ ትኬት? ደውዬ «የተተኪውን ቀን ትኬት ላኩልኝ» ስላቸው «ጨዋታው እኮ ተላልፏል» አሉኝ። ያኔ ነው የገባኝ። መጀመሪያም ትኬት በእጃቸው አልነበረም። ገንዘቤን ይዘው፣ የጨዋታው ቀን ረከስ ያለ ነገር እስኪያገኙ እየጠበቁ ነበር። ባልቲሞር ያለችበት ግዛት ሜሪላንድ በእጅ የሌለ ትኬት መሸጥን ከጁላይ 1፣ 2024 ጀምሮ በሕግ ከልክላለች። ይህን የሰማሁት ከተበላሁ በኋላ ነው። (ካምደን ያርድስ ከቤት ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል። እህቴ ዳቦና ቆሎ ቋጥራልን ነበር፤ መኪና ውስጥ በላነው።)

ፊላደልፊያ ላይ ትኬት ብለው የላኩልን የስክሪን ፎቶ ነው። በረኛዋ ገና ስታየው ራሷን ነቀነቀች። የዛሬ ትኬት ስልክ ውስጥ የሚኖር ነገር ነው፤ ከሻጩ አካውንት ወደ እናንተ አካውንት ካልተላለፈ ፎቶው ዋጋ የለውም። ትኬቱ በትክክል ሲተላለፍልን ሦስተኛው ኢኒንግ ላይ ደርሰዋል። ልጁ ጓንቱን እጁ ላይ እንዳጠለቀ በሩ ጋ ቆሞ የሕዝቡን ጩኸት ሲያዳምጥ ማየት ከገንዘቡ በላይ አበገነኝ።

የኒውዮርኩ ደህና ነበር ማለት ይቻላል፣ «ኒውዮርክ» የተባለው ሆቴል ኒው ጀርዚ ከመሆኑ በቀር።

ከዚያ ቦስተን። ልጁ ከሁሉም በላይ የጓጓው ለዚህ ነው። ፌንዌይ በ1912 የተከፈተ ነው፤ በሊጉ ካሉት ስታዲየሞች ሁሉ አንጋፋው። በግራ በኩል 11 ሜትር ከፍታ ያለው አረንጓዴ ግድግዳ አለው። የድሮ ግንባታ ስለሆነ ደግሞ ጣሪያውን የያዙት ምሰሶዎች ተመልካቹ መሃል ቆመዋል። ግድግዳውን አየነው፣ እውነት ለመናገር። የማይታየው ጨዋታው ነው። ልጁ መጀመሪያ አንገቱን ወደ ቀኝ አሰገገ፣ ከዚያ ወደ ግራ። አምስተኛው ኢኒንግ ላይ ተወው። አጠገባችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ አዘኑልን መሰለኝ፣ «እነዚህን ወንበሮች ክለቡ ራሱ ሲሸጥ እይታቸው የተጋረደ መሆኑን ጽፎ ነው» አሉኝ። ሻጮቼ ጋ ሲደርስ ያ ጽሑፍ የት እንደገባ እንጃ።

እናም ወገኖቼ፣ እንደ እኔ ልጅ ይዛችሁ ለመዞር ካሰባችሁ፣ ሴክሽን፣ ረድፍና የወንበር ቁጥር ሳይጻፍ አትክፈሉ። «ወይም ተመሳሳይ» የሚል ቃል ካያችሁ ገጹን ዝጉት። ጥቅሉም አያስፈልግም። እያንዳንዱ ክለብ በዓመት 81 ጨዋታ በሜዳው ያደርጋል፣ ከክለቡ በቀጥታ መግዛት ይቻላል። ፓርኪንጉንም ተዉት፤ ኒውዮርክ ያንኪ ስታዲየም 4 ቁጥር ባቡር፣ የዋሽንግተኑ ስታዲየም ደግሞ ግሪን ላይን የሚባለው ባቡር በር ላይ ያወርዳችኋል።

የከፈላችሁት በክሬዲት ካርድ ከሆነ ዝም አትበሉ። ሕጉ ክፍያው የሰፈረበት ቢል ከተላከላችሁ ጊዜ ጀምሮ 60 ቀን ይሰጣችኋል፤ ለካርዱ ድርጅት የምትልኩት አቤቱታ በጽሑፍ ይሁን። እኔ ማስታወቂያውን፣ የደዋወልኩበትን ሰዓትና ምሰሶውን ፎቶ አንስቼ ላክሁ። ከሁለት ወር ምልልስ በኋላ ግማሽ ያህሉ ተመለሰልኝ። በዜል ወይም በካሽ አፕ፣ በስልክ ገንዘብ በሚላክባቸው፣ ከፍዬ ቢሆን ኖሮ እሱንም አላየውም ነበር።

ለሚቀጥለው ሰመር ከክለቡ ገዝቻለሁ፣ እዚሁ ዋሽንግተን። ሴክሽኑም ረድፉም ወንበሩም ተጽፏል። ለልጁ ላክሁለት። የመለሰልኝ አንድ መስመር ነው፦ «አጎቴ፣ ምሰሶ የለውም አይደል?»