የጀማሪዎች የጎልፍ ትምህርት፦ ለአሰልጣኛችን አምስት ኮከብ፣ ለምንጣፉ ሁለት

ለቸኮለ ሰው ፍርዴን ላስቀድም። ትምህርቱ ገንዘቡን ያወጣል፤ ግን የምትለማመዱበትን መሬት ሳታዩ አትክፈሉ።

መሥሪያ ቤቴ በየዓመቱ ለበጎ አድራጎት የጎልፍ ውድድር ያዘጋጃል። እስከ ዛሬ የእኔ ድርሻ መመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ውኃና ኮፍያ ማደል ነበር። ዘንድሮ መጫወት አለብኝ ብዬ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ካውንቲው በሚያስተዳድረው አንድ የልምምድ ሜዳ፣ እነሱ ሬንጅ በሚሉት፣ ለጀማሪዎች በቡድን የሚሰጠውን ትምህርት ተመዘገብኩ። ዋጋው ለብቻ አሰልጣኝ ከሚከፈለው በጣም ያንሳል። ኳሱ ከክፍያው ጋር ነው፤ ክለብ፣ ማለትም ኳሱ የሚመታበት ዱላ፣ የሌለው ከእነሱ ይዋሳል። ቦርሳ ሙሉ ክለብ ገዝታችሁ እንዳትሄዱ። ሕጉ እስከ 14 ክለብ መያዝ ይፈቅዳል፤ እኛ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ነገር የተማርነው በ7 አይረን (ለመካከለኛ ርቀት የሚሆን ባለ ብረት ራስ ክለብ)፣ በአንድ ዌጅ (ለአጭርና ከፍ ላለ ምት) እና በፓተር (ኳሷን ወደ ጉድጓዱ ለማንከባለል) ነው።

አሰልጣኛችን ወደ ሰባ ዓመት የሚጠጉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ናቸው። ቃላቱን በወረቀት አላደሉንም፤ በእግራችን ወሰዱን። መጀመሪያ የሚመታበት ቦታ ቲ፣ ወደ ጉድጓዱ የሚወስደው የታጨደ ሜዳ ፌርዌይ፣ ዳርና ዳሩ ያለው ረዘም ያለ ሣር ራፍ፣ አሸዋው በንከር፣ ባንዲራው የተተከለበት ምንጣፍ የመሰለ ሣር ግሪን። ፓርን ያስረዱበት መንገድ ከሁሉም ገባኝ። ፓር 4 ሲባል ጎበዝ ተጫዋች በሁለት ምት ግሪኑ ላይ ይወጣል፣ በሁለት ፓት፣ ማለትም ግሪኑ ላይ በሚያንከባልል ምት፣ ያስገባል ተብሎ ታስቦ ነው። በ3 ከጨረሳችሁ በርዲ፣ በ5 ቦጊ። «እናንተ ለጊዜው በ8 ከጨረሳችሁ ምሳ እጋብዛለሁ» አሉ። ኳሳችሁ ወደ ሰው ካመራች ደግሞ ሳታፍሩ «ፎር!» ብላችሁ መጮህ ነው።

ገንዘቤን ያስመለሰልኝ ግን ግሪፑ ነው፣ ማለትም የክለብ አያያዝ። በግራ እጄ ያጠለቅሁትን ጓንት ይዘው የጣቶቼ ሥር ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰመሩ፤ እጀታው በዚያ መስመር ላይ ይተኛል እንጂ መዳፍ ውስጥ አይቀበርም። ከዚያ ቁልቁል ሳይ የግራ እጄ ሁለት አንጓዎች መታየት አለባቸው። መዳፍ ውስጥ የተጨበጠ ክለብ የእጅ አንጓን (መዳፍና ክንድ የሚገናኙበትን) ያስራል፤ ፍጥነት አይገኝም፣ የክለቡም ፊት፣ ኳሷን የሚመታው ጎኑ፣ ወደ ቀኝ እንደተከፈተ ይቀራል እንጂ አይዘጋም። እጄ ትንሽ ስለሆነ የቀኝ ትንሿን ጣቴን ከግራ ሌባ ጣቴ ጋር አቆላለፉልኝ። ዝነኞቹ ጎልፈኞች ጃክ ኒክላውስም ታይገር ዉድስም የሚይዙት እንዲህ ነው ሲሉኝ ትንሽ ኮራ አልኩ። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ በአያያዝና በአቋቋም ብቻ አለቀ። አንዳንዶቹ አጉረመረሙ፤ እኔ ግን ሌላው ሁሉ የተሠራው በዚያ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ከክፍሉ ሌላው ሐበሻ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው ጡረተኛ፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ገና እየተጫወቱ ያደጉ ናቸው። ክለቡን የሚመቱት ሩር እንደሚመታ ነው፤ ትከሻ ቀድሞ፣ ክንድ ተከትሎ፣ ባለ በሌለ ኃይል። ኳሷ ቀጥ ብላ ትነሣና መሐል ላይ ወደ ቀኝ ታጥፋ አጥሩ ጋ ትደርሳለች። ስላይስ የሚሉት ይሄ ነው፤ የጀማሪ ሁሉ በሽታ ነው። ኳስ በአመዛኙ የምትነሣው የክለቡ ፊት ወዳየበት ነው፤ ፊቱ ክለቡ ከሚጓዝበት መስመር ይልቅ ወደ ቀኝ ሲከፈት ደግሞ ወደ ቀኝ ትጠመዘዛለች። ጋሼ ይህን ለማካካስ ወደ ግራ ዞረው መቆም ጀመሩ። ባሰባቸው። ወደ ግራ በዞሩ ቁጥር ክለቡ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ማለትም ወደ ሰውነት፣ ይበልጥ ይቆርጣላ!

አሰልጣኛችን ባዶ የኳስ ካርቶን አምጥተው ከኳሷ ትንሽ ወደ ኋላና ወደ ውጭ አስቀመጡ። ክለቡ ከውጭ ከመጣ ካርቶኑን ይነካል። የጋሼ የመጀመሪያ ምት ካርቶኑን ከኳሷ አርቆ ጣለው።

«ልጄ፣ ሱሉልታ ላይ ማንም ካርቶን አስቀምጦብኝ አያውቅም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሱሉልታ ላይስ ከፍለው ተጫውተው ያውቃሉ?»

ሳቁ። ግን ካርቶኑ ሠራ፤ ክፍሉ ሳያልቅ ኳሳቸው መታጠፏ ቀነሰ።

ሌላው የተለመደ ጥፋት የኳሷን አናት መምታት ነው፤ መሬት ለመሬት እየተንከባለለች ትሄዳለች። ሁሉም ሰው «ጭንቅላትህን ቀና አድርገህ ነው» ይላል። አሰልጣኛችን ይህን ምክር አይወዱትም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ኳሷን ከሥር ጭልፎ ለማንሣት መሞከሩ ነው አሉን፤ ክብደት ቀኝ እግር ላይ ይቀራል፣ ደረት ቀና ይላል፣ ክለቡ ወደ ላይ እየወጣ አናቷን ይገጫል። ማንሣት የክለቡ ሥራ ነው፤ ፊቱ የተጋደመው ለዚያ ነው። በአይረን የምትመቱት ወደ ታች፣ መጀመሪያ ኳሷን፣ ቀጥሎ መሬቱን ነው። ድራይቨር፣ ሩቅ የሚመታው ረጅሙ ክለብ፣ ብቻ ይለያል፤ ኳሷ እሷም ቲ በምትባል ትንሽ ችንካር ላይ ከፍ ብላ በግራ ተረከዝ ትይዩ ስለምትቀመጥ ትንሽ ወደ ላይ እየሄደ ይመታታል።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። «መጀመሪያ ኳሷን፣ ቀጥሎ መሬቱን» እያሉን የሚያስተምሩን ፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ ነው። ምንጣፍ ይዋሻል። ከኳሷ ኋላ መሬቱን ብትመቱ እንኳ ክለቡ ነጥሮ ኳሷን ያገኛታል፤ ድምፁም ያምራል፣ ኳሷም ትሄዳለች። የመጨረሻው ቀን ሣር ላይ ስንወጣ ያው ምት አፈር ቆፍሮ ኳሷን ጥቂት እርምጃ አስኬዳት። ክፍሉ በሙሉ ደነገጠ። እውነተኛውን መምህር ለአንድ ቀን ብቻ፣ ለዚያውም መጨረሻ ላይ ማምጣት ምን ይሉታል? ምንጣፎቹም መሐላቸው ተልጦ ሲሚንቶው ሊታይ ምንም አልቀረው፤ የጋሼ ክርን ለሳምንት ያመማቸው በዚህ ይመስለኛል። ፓቲንግን ደግሞ በጥድፊያ አለፉት፤ ከጨዋታው ምት ትልቁን ድርሻ የሚበላው አንዱ እሱ ሆኖ ሳለ።

ቢሆንም ዩቲዩብ እያያችሁ ብቻችሁን ከምትለፉ ይሄ ይሻላል፤ ቪዲዮ ጓንታችሁ ላይ መስመር አያሰምርላችሁም። የመሥሪያ ቤት ውድድር ለሚጠብቃችሁ ደግሞ ብዙም አትስጉ፤ እንዲህ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ ስክራምብል ናቸው። ቡድኑ በሙሉ ይመታል፣ ጥሩ ቦታ ያረፈችው ኳስ ትመረጣለች፣ ሁሉም ቀጣዩን ከዚያ ይመታል። የእናንተ መጥፎ ምት እዚያው ተረስቶ ይቀራል።

ከመመዝገባችሁ በፊት ደውላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ለአንድ አሰልጣኝ ስንት ተማሪ እንደሚደርስ፣ እና ከክፍለ ጊዜዎቹ ስንቱ ሣር ላይ እንደሆነ። ሣር ጨርሶ የለም ካሏችሁ ሌላ ሬንጅ ፈልጉ። ጂንስ ለብሳችሁ አትሂዱ፤ እኛ ቦታ ማንም አልተናገረንም፣ አንዳንድ ሜዳ ግን ከበር ይመልሳል።