ይዞ የቀረ ፍሬን፣ ሲሊኮን ግራሶ እና ዘጠኝ ወር

ይህ ግምገማ ለፍሬን ፒን ተብሎ የተሠራ ሲሊኮን ግራሶንና ከሶማሌ ተራ የገዛሁትን የፊት ካሊፐር (የፍሬን ሸራዎቹን ከጎማው ጋር በሚዞረው ዲስክ ላይ የሚያጣብቀው ክፍል) የጎሚኒ ኪት ይመለከታል። ሁለቱንም በ2003 ሞዴል ቶዮታ ቪትዝ ላይ ዘጠኝ ወር ተጠቅሜባቸዋለሁ። መንገዴ በየቀኑ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደው ቁልቁለት በመሆኑ የፍሬን ጉድለት ከእኔ ተሰውሮ አይቆይም።

ነገሩ የጀመረው መስከረም መጨረሻ ላይ የፊት ሸራዎቹን ጋራዥ ወስጄ ባስቀየርኩ በሦስተኛው ቀን ነው። ስድስት ኪሎ አካባቢ፣ ሜዳ ላይ፣ እግሬን ከነዳጅ መስጫው ሳነሳ መኪናው ከኋላ የሚጎትተው ያለ ይመስል ይቆማል። ቤት ደርሼ በቀኙ ቸርኬ ላይ ውኃ ጠብ ባደርግበት ጭስ ብሎ ተነነ፤ የግራው ግን ለብ ከማለት አላለፈም። መካኒኩ «ጋሼ፣ ሸራው አዲስ ስለሆነ ነው፤ ትንሽ ሲነዱት ይለምዳል» አለኝ። አዲስ ሸራ መጀመሪያ ላይ ዲስኩን በቀላሉ መንካቱ ያለ ነው፤ ውኃ እስኪያፈላ ድረስ መንከሱ ግን መልመድ ሊባል አይችልም።

አንድ እሑድ ጠዋት የቀኙን ጎማ በክሪክ አንስቼ፣ ልጄ ፍሬኑን ረግጦ ከለቀቀ በኋላ ጎማውን በእጄ ለማዞር ሞከርኩ፤ በግድ ሩብ ዙር ያህል ሄደልኝ። ቀጥዬ ካሊፐሩ ላይ ያለችውን የማስተንፈሻ ቡሎን ግማሽ ዙር ፈታኋት። በዚህ ጊዜ ጎማው ተለቅቆ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ ግፊት አፍኖ የያዘ የዘይት ቱቦ ወይም ዋናው የፍሬን ፓምፕ ይሆን ነበር፤ ነገር ግን ዘይቱ ጠብ ጠብ ብሎ ወጣ እንጂ ጎማው እንደያዘ ቀረ። ካሊፐሩን ፈትቼ፣ ሸራውን ወደ ዲስኩ የሚገፋውን ፒስተን በሞርሳ ስገፋው ሳያንገራግር ገባ። ስለዚህ የቀሩት ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ሁለቱ ፒኖች ነበሩ።

የመጀመሪያው ፒን በጣቴ ወጣ። ሁለተኛው፣ ጫፉ ላይ የጎማ ቀለበት ያለው፣ በፒንሳ እየተጠማዘዘ በስንት ትግል ነው የወጣው፤ ቀለበቱ ውኃ ውስጥ እንዳደረ ባቄላ አብጦ፣ በላዩ ቡናማ የኩሽኔታ ግራሶ ተለጥፎበት ነበር። ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ ግራሶ የፍሬን ጎሚኒን ያሳብጣል፤ ያበጠው ጎሚኒ ደግሞ ቀዳዳው ውስጥ ይወጠርና ካሊፐሩ እንዳይመለስ ያደርገዋል። ሸራ ሲቀየር ካሊፐሩ ብዙ ጊዜ ወዳልተንሸራተተበት ቦታ ስለሚገፋ ተሸሽጎ የኖረው ጥፋት ያን ጊዜ ይገለጣል፤ ሰውም አዲሱን ሸራ ይወቅሳል።

እዚህ ላይ የራሴንም ስህተት መናገር አለብኝ። ፒኖቹንና ቀዳዳዎቹን በፍሬን ማጽጃ አጥቤ ሲሊኮን ግራሶውን ቀባሁ፣ ያበጠውን ቀለበት ግን «ይሠራል» ብዬ መልሼ አስገባሁት። ለዐሥር ቀን ያህል ፍሬኑ ሰላም ሆነ፤ ከዚያ ሽታውም ግለቱም ተመለሱ። ግራሶው ያበጠ ጎሚኒ አያድንም። ኪቱን የገዛሁት ከዚህ በኋላ፣ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነው። በሙቀት ብዛት እንደ መስታወት ያብለጨለጩትን ሸራዎች በሁለቱም ወገን በአዲስ ተካሁ፣ ሸራው የሚቀመጥበትን የዛገ ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁ፣ ለእያንዳንዱ ፒን የምስር ፍሬ የምታህል ግራሶ ብቻ ሰጠሁ። ብዙ ግራሶ ማድረግ ትርፍ የለውም፤ ፒኑ ሲገባ አየሩ መውጫ ያጣና እንደ ሞላ መልሶ ይገፋዋል።

ከዚያ ወዲህ 9,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቻለሁ። የቀኝና የግራ ቸርኬ ቁልቁለቱን ጨርሼ ስነካቸው ግለታቸው ተመሳሳይ ነው። በሐምሌ ዝናብና ጭቃም ፒኖቹ በጣት ይንሸራተቱ ነበር፤ ግራሶውም አልታጠበም፣ አልደረቀምም።

የማልወደው ነገር አለ። የቱቦው ክዳን በሁለተኛው ወር ተሰንጥቆ ግራሶው የመሣሪያ ሳጥኔን አዳረሰው፤ ይህን ለሚያህል ዋጋ የተሻለ ክዳን ይጠበቅ ነበር። ከኪቱ የአቧራ መከላከያ ጎሚኒዎች አንዱ ልቅ ስለነበር የካቲት ላይ ከማረፊያው ወጣ፣ የዚያኛው ፒን ግራሶም አቧራ ጠጥቶ ግራጫ ሆኖ አገኘሁት። መጠኑ የሚገጥም ሌላ ጎሚኒ ለብቻው ገዝቼ ተካሁት፤ ኪቱን የምትገዙ ከመክፈላችሁ በፊት ጎሚኒውን ፒኑ ላይ አስገብታችሁ ሞክሩት። የፒስተኑን ጎሚኒ ግን ፒስተኑ ጤነኛ ስለነበር አልነካሁትም፤ ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጧል።

ባለፈው ሳምንት የቀኙን ፈትቼ ሸራዎቹን ለካሁ። ሲገቡ 10 ሚሊ ሜትር የነበሩት፣ የውስጠኛው 7.5፣ የውጭው 8 ሆነዋል። በመስከረም የገቡት ሸራዎች ግን በወር ውስጥ ብቻ ውስጠኛው ከውጭው በግማሽ ሳስቶ ነበር።