የግንባር ባትሪዬ ከ14 ወራት ሥራ በኋላ

ሥራዬ የቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ዝርጋታና ጥገና ነው። የምኖረው ደሴ ሲሆን በሳምንት ሦስት አራት ቀን ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ እሠራለሁ። የእኛ ሙያ የሚጀምረው መብራት በማጥፋት ነው፤ ብሬከሩ ሲወርድ ኮርኒስ ውስጥ የገባ ሰው በቀትርም ቢሆን ጨለማ ውስጥ ይቀራል፤ ሁለቱ እጆቹም በፒንሳና በሽቦ ተይዘዋል። ስለዚህ የግንባር ባትሪ ለእኔ እንደ ቴስተር ሁሉ የማይቀር መሣሪያ ነው።

አሁን የምጠቀምበትን የገዛሁት አምና ግንቦት ነው። በገበያችን አንዱ ዕቃ በየጊዜው ሌላ ስም ይዞ ስለሚመጣ፣ ከስሙ ይልቅ ባሕርዩን ብገልጽ ለገዢ ይበልጥ ይጠቅማል። 18650 በሚባለው አንድ የሊቲየም ድንጋይ ይሠራል፤ ድንጋዩ ወጥቶ ይተካል፤ በስልክ ቻርጀር ይሞላል፤ የብርሃኑም ቀለም፣ ኬልቪን በሚባለው መለኪያ፣ 4,500 ገደማ ሆኖ ወደ ሰማያዊ ሳይሆን ወደ ቢጫ ያደላል።

የብርሃኑን ቀለም አስቀድሜ ያነሣሁት በምክንያት ነው። ከዚህ በፊት የነበረኝ ባትሪ በሦስት ቀጫጭን ድንጋይ የሚሠራና ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላ ነበር። አንድ ቀን ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ አሮጌ ቤት ስጠግን፣ ከጃንክሽን ቦክሱ (ሽቦዎች ከሚገናኙበት ሳጥን) ውስጥ የወጡት ቀይና ቡናማ ሽቦዎች በዚያ ብርሃን ሥር አንድ ዓይነት መስለው ታዩኝ። አንዱ የመኝታ ቤት፣ ሌላው የማድ ቤት ሶኬት መስመር ነበር፤ ውፍረታቸውም እኩል ነው። ጥርጣሬ ገብቶኝ ጫፋቸውን ወደ ቆርቆሮው ቀዳዳ አስጠግቼ በፀሐይ ብርሃን ባላያቸው ኖሮ አቀያይሬ እቋጥራቸው ነበር፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ባለሙያም የአንዱን ብሬከር አውርዶ፣ ኃይል የለውም ባለው ሽቦ ላይ እጁን ያሳርፍ ነበር። የመብራት ቀለም የማሳየት አቅም ሲ.አር.አይ በሚባል፣ ከፍተኛው 100 በሆነ መለኪያ ይለካል። ሽቦ ለሚለይ ሰው 90 እና ከዚያ በላይ የሆነውን እመክራለሁ፤ የአሁኑ ባትሪዬ እንዲህ ያለ በመሆኑ ያ ችግር አልተደገመብኝም።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ሉመን፣ ማለትም የብርሃን መጠን መለኪያው፣ ግን ገዢን ያሳስታል። የእኔ ባትሪ እስከ 800 ሉመን ይሰጣል፤ ነገር ግን ራሱ እንዳይግል ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ብርሃኑን ይቀንሳል። ኮርኒስ ውስጥ የምሠራው በ150 ሉመን ነው፤ ዓይን ሳይወጋ፣ ድንጋዩ አዲስ ሳለ ሰባት ሰዓት ያህል ቆይቶልኛል። የሚጻፈውንም ሰዓት በጥንቃቄ ማንበብ ያሻል፤ ኤፍ.ኤል 1 በተባለው የእጅና የግንባር ባትሪ መለኪያ መሠረት የሚቆጠረው ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ያለው ጊዜ ነውና፣ የመጨረሻዎቹ ሰዓታት ለሥራ ላይጠቅሙ ይችላሉ።

ድንጋይ ስትገዙ ከሁሉም በላይ ተጠንቀቁ። መለዋወጫ ፈልጌ ላዩ ላይ 9,900 ሚሊ አምፒር ሰዓት (የድንጋይ አቅም መለኪያ ነው) የሚል ድንጋይ ገዛሁ፤ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አላበራም። ወርቅ ቤት ባለው ወዳጄ ሚዛን ላይ ከባትሪው ጋር ከመጣው ድንጋይ ጋር ብናስተያየው፣ የመጀመሪያው 46 ግራም ሲመዝን የገዛሁት 29 ግራም ብቻ ሆነ። በዚህ መጠን የሚሠራ ድንጋይ በአብዛኛው ከ3,500 ብዙም የማያልፍ ስለሆነ፣ 9,900 የሚል ጽሑፍ ራሱ ላለመግዛት በቂ ምክንያት ነው።

ከሥራ ውጭ የምጠቀምበት ማለዳ ወደ ጦሳ ተራራ ስወጣና ክረምት ላይ አምሽቼ ስገባ ነው። የደሴ ጉም በወረደ ጊዜ የግንባር ባትሪ ይብሳል፤ ብርሃኑ ከዓይን አጠገብ ስለሚነሣ ከጉሙ ላይ ተመልሶ ፊት ለፊት ነጭ ግድግዳ ያቆማል። ያን ጊዜ ከራሴ አውልቄ፣ ብርሃኑን ቀንሼ በጉልበቴ ከፍታ ይዤው እሄዳለሁ፤ መንገዱ ወዲያው ይታያል። ውኃ የመቋቋም ደረጃው አይ.ፒ.ኤክስ 4 ነው፤ ይህም ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውኃን እንጂ መዘፈቅን አይችልም። የሐምሌን ዝናብ እስካሁን ችሎልኛል።

ጉድለቱንም ልናገር። ክብደቱ ሁሉ ግንባር ላይ ስላረፈ ከሦስት ሰዓት በኋላ አንገት ያደክማል። ማሰሪያው በስምንተኛው ወር ላላ፤ ላብና የኮርኒስ አቧራ ስለጨረሰው የልብስ ስፌት ባለሙያ ሌላ ላስቲክ ሰፋልኝ። የቻርጅ ቀዳዳው የጎማ ክዳን ጠርዙ ተቀዷል፤ አቧራ እንዳይገባበት አሁን የምሞላው ድንጋዩን አውጥቼ በተለየ ቻርጀር ነው። ሰባት ሰዓት የነበረውም ወደ ስድስት ዝቅ ብሏል፤ ይህ ግን ከየቀኑ መሙላት የሚመጣ የድንጋዩ እርጅና ነው፤ ድንጋዩ ተነቃይ ስለሆነ ሲደክም የምቀይረው እሱን ብቻ ነው። ውስጡ ታሽጎ የሚመጣውን ዓይነት፣ በግማሽ ዋጋ እንኳ ቢሰጡኝ ለሥራ አልገዛውም።