ማልታ ወይስ ላርናካ? ለሁለት ሌሊት የሚሄድ ሰው ምን ይምረጥ

ዓርብ ማታ ገብቶ እሁድ ማታ የሚመለስ ሰው እንቅልፉ ሲቀነስ እጁ ላይ የሚቀረው ሠላሳ ሰዓት ቢሆን ነው። ስለዚህ ማልታንና ላርናካ የምትገኝባትን ቆጵሮስን፣ ሁለቱን ደሴቶች፣ መንገድ ላይ በሚበሉት ሰዓት እንመዝናቸው።

ካርታ ያየ ሰው ማልታን ይመርጣል። ዋናዋ ደሴት ከጫፍ እስከ ጫፍ 27 ኪሎ ሜትር ናት፤ ቆጵሮስ ግን 9,251 ካሬ ኪሎ ሜትር ትሰፋለች። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ማልታ መኪና የበዛባት ጠባብ ደሴት ስለሆነች ከዋና ከተማዋ ከቫሌታ እስከ ቺርኬዋ፣ ወደ ጎረቤቷ ትንሽ ደሴት ወደ ጎዞ የሚሄደው መርከብ እስከሚነሳበት ድረስ፣ በአውቶቡስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ቆጵሮስ ላይ ደግሞ ደሴቲቱን በሙሉ ልዙር ያለ ብቻ ነው የሚቸገረው። የላርናካ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው 6 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው፤ ፊኒኩደስ የሚባለው አሸዋማ ዳርቻም ከተማው መሀል ነው። ሻንጣ ሳያስጭን የተጓዘ ሰው ባረፈ በአንድ ሰዓት ውስጥ እግሩን ባሕር ውስጥ ሊነክር ይችላል።

ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ግን ወረቀትዎን ይዩ። ማልታ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ሸንገን፣ ማለትም በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥር በሌለባቸው የአውሮፓ አገሮች ክልል ውስጥ ናት። ጀርመን ወይም ጣሊያን ነዋሪ ሆኖ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ፓስፖርቱንና የመኖሪያ ፈቃዱን ይዞ ይሄዳል፤ ሌላ ነገር አያስፈልገውም። ቆጵሮስ የአውሮፓ ኅብረት አባል ብትሆንም ከሸንገን ውጭ ቆይታ አሁን ለመግባት እየተዘጋጀች ያለች አገር ናት። የሸንገን አገሮችን የመኖሪያ ፈቃድና ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ትቀበላለች። ችግር የሚመጣው ለጥየቃ የመጣ ዘመድ ይዞ መሄድ ሲታሰብ ነው። እናትዎ አንድ ጊዜ ብቻ በሚያስገባ የሸንገን ቪዛ ፍራንክፈርት ገብተው ከሆነ፣ ወደ ላርናካ ሲበሩ ከሸንገን ወጡ ማለት ነው፤ በዚያው ቪዛ ተመልሰው አይገቡም። እሳቸውን ይዞ የሚሄድ ማልታን ይምረጥ።

ከእስራኤል ለሚነሳ ግን ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ከቴል አቪቭ ላርናካ አንድ ሰዓት ገደማ በረራ ነው፤ ማልታ ሦስት ሰዓት ይጠጋል። ከመካከለኛው አውሮፓ ሲሆን ሚዛኑ ይገለበጣል። ማልታ ቅርብ ናት፣ ሰዓቷም ከጀርመንና ከጣሊያን ጋር አንድ ነው፤ ቆጵሮስ ግን በአንድ ሰዓት ስለምትቀድም ዓርብ ማታ አንድ ሰዓት ይከስራሉ። ከዱባይ ኤምሬትስ ላርናካ አርፎ ወደ ማልታ የሚቀጥል በረራ አለው፤ ነገር ግን በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚሠራ ሰው የቪዛው ጣጣ ለሁለት ቀን መዝናኛ አያዋጣም።

ባሕሩ ራሱ ይለያያል፤ ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ከደረሰ በኋላ ነው። ሰው የሚበዛበት የማልታ ጠርዝ፣ ለምሳሌ ስሊማ፣ ጠፍጣፋ የኖራ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ላይ የብረት መሰላል ተተክሏል፤ በእሱ ይወርዳሉ፣ ከመጨረሻው እርከን በኋላ እግር የሚያሳርፉበት የለም። ዋናተኛ ይወደዋል፣ ውሃው መስታወት ነው። ዋና ሳይማር ላደገ ደገኛና ለልጆች ግን አይሆንም። አሸዋ የፈለገ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ መሊሃ ወይም ጎልደን ቤይ መውጣት አለበት፤ በበጋ የሞላ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሳይቆም ስለሚያልፍ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት መሳፈር ይሻላል። ላርናካ ላይ አሸዋው ጥሩ ቢሆንም ጠቆር ያለ ነው፤ ፎቶ ላይ እንደ ማልታ አያምርም። ነገር ግን ውሃው ብዙ ርቀት ጥልቀት የለውም፣ ልጅ ይዞ ለሄደ ወላጅ ይህ ይበልጥበታል።

ለማየት ከሆነ ማልታ ታሸንፋለች፣ በሰፊው። ቫሌታን በእግር ማዳረስ ይቻላል። የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ውስጥ ካራቫጆ እ.ኤ.አ. በ1608 የሣለው የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት መቆረጥ ሥዕል አለ፤ ቤተ ክርስቲያኑ እሁድ ለጎብኚ ዝግ ስለሆነ ለቅዳሜ ይያዝ፣ ትከሻም ይሸፈን። ከመሬት በታች የተፈለፈለውን የሃል ሳፍሊየኒ መካነ መቃብር በሰዓት 10 ሰው ብቻ ስለሚያይ ትኬቱ ከሳምንታት በፊት ያልቃል። የሐዋርያት ሥራ «መላጥያ» የሚላት፣ ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ የወጣባት ደሴትም ይህችው ናት። ላርናካ በበኩሏ የቅዱስ አልዓዛር ቤተ ክርስቲያን አላት፤ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ላይ የተሠራ ነው፣ ከመቅደሱ ሥር ያለው መቃብር ይጎበኛል። ከዚያ ሌላ ግማሽ ቀን የሚሞላ ነገር ከተማው ውስጥ ብዙም አያገኙም።

ጿሚ ከሆኑ ቆጵሮስ ይመቻል። ኦርቶዶክስ አገር ስለሆነ «ኒስቲሲሞ» ብለው ሲጠይቁ የፆም ምግብ ይቀርባል፤ ዳቦ ቤት ያለው ጣሂኖፒታ፣ በሰሊጥ ቅባት የተጠቀለለው፣ ለቁርስ ይበቃል። ተጠንቀቁ፦ የእነሱ ፆም ኦክቶፐስና ሽሪምፕ ይፈቅዳል፣ ሳህኑ ላይ ሊመጣ ይችላል። ፋሲካችን አንድ ቀን ይውላል፣ ዐቢይ ፆማቸው ግን ከእኛ በአንድ ሳምንት ዘግይቶ ይጀምራል። የነቢያት ፆም አይገጥምም፤ ገናን ታኅሣሥ 16 ስለሚያከብሩ ከዚያ በኋላ ጿሚ ብቻዎን ነዎት። ማልታ ውስጥ ሳምቡሳ መሳይ የአተር ፓስቲዚ አለ፣ ነገር ግን ሊጡ በእንስሳ ስብ ሊሠራ ስለሚችል ሳይጠይቁ አይግዙ።

መኪና ሁለቱም ጋ በግራ ይነዳል፣ እንግሊዞች ትተውት የሄዱት ነው። ፍሬቻ ሊያበሩ ሲሉ የመስታወት መጥረጊያው ቢነሳ አይደንግጡ። አደባባይ ላይ ግን በቀኝ ለሚመጣው ቅድሚያ መስጠትን አይርሱ። ማልታ ላይ መኪና አይከራዩ፤ ማቆሚያ ፍለጋ ቀኑን ይበላል። ቆጵሮስ ላይ ለአንድ ቀን መከራየት ያዋጣል፦ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድተው አያ ናፓ ነጩ አሸዋ ላይ ይደርሳሉ። ጳፎስ 130 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። የኪራይ ድርጅቶች ማስያዣውን ብዙ ጊዜ በተከራዩ ስም ባለ ክሬዲት ካርድ ላይ ይይዛሉ፤ ዴቢት ብቻ የያዘ ሰው ቁልፍ ሳይቀበል ሊመለስ ይችላል። ኢንሹራንሱ አብዛኛውን ጊዜ በቱርክ ቁጥጥር ሥር ወዳለው የደሴቲቱ ሰሜናዊ ክፍል አይሻገርም። ሰሜኑን ማየት ከፈለጉ ዋና ከተማዋ ኒኮሲያ ድረስ በአውቶቡስ ሄደው በሌድራ መንገድ ኬላ ፓስፖርት አሳይተው በእግር ይሻገሩ።

ስለዚህ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ከአውሮፓ የምትነሱ ከሆነ ማልታ፣ ማረፊያችሁም ቫሌታ ወይም ስሊማ ይሁን፤ በመካከላቸው ያለው ጀልባ አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። ልጆች ካሉ ወይም ከቴል አቪቭ ከሆነ ላርናካ። ማልታ ሄዳችሁ ጎዞ ካማራችሁ ቅዳሜን ስጡት። እሁድ ነፋስ ከተነሳ መርከቡ ይዘገያል፣ አውሮፕላኑ ግን አይጠብቅም።