እኔ አፍሬ ዝም ስል ለጠየቀችኝ ፋርማሲስት

ሌሊት አምስቴ ለሽንት መነሳትን የቀመሰው ያውቀዋል። ዕድሜዬ 63 ነው። የፕሮስቴት እጢዬ ማበጡ ታወቀና ታምሱሎሲንና ዱታስቴራይድ አንድ ላይ ታዘዘልኝ። ሽንቱ ተስተካከለ፣ እሰየው። ከወራት በኋላ ግን ሌላው ነገር ቀዘቀዘ። ፍላጎቱም፣ አቅሙም። ያዘዘልኝ ሐኪም ስለዚህ ምንም አላለኝም ነበር። እኔም "እርጅና ነው" ብዬ ዋጥ አደረግኩት።

መድኃኒቱ ሲያልቅብኝ መገናኛ አካባቢ አንድ ፋርማሲ ገባሁ። ማዘዣውን ያየችው ልጅ ሰው እስኪወጣ ጠበቀች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ጋሼ፣ ይሄ መድኃኒት በትዳር በኩል ያስቸገረዎት ነገር አለ?" አለችኝ። ላብ አጠመቀኝ። ልጄ የምትሆን ናት እኮ!

ቁራጭ ወረቀት አንስታ በእስክሪብቶ እየሣለች አስረዳችኝ። ታምሱሎሲን በሽንት መውጫው ዙሪያ ያለውን ጡንቻ ያላላል፤ በቀናት ውስጥ ይሠራል። የዘር ፈሳሽን ግን ሊቀንስ፣ አንዳንዴም ጨርሶ ሊያስቀር ይችላል። ዱታስቴራይድ ዲኤችቲ የሚባለውን ሆርሞን ቀንሶ እጢውን ያሳንሳል፤ ስድስት ወር ያህል ትዕግሥት ይፈልጋል። ፍላጎት የሚያቀዘቅዘውና ስንፈት የሚያመጣው በአብዛኛው እሱ ነው። እጢው ትልቅ ለሆነ ሰው ሁለቱ አብረው ሲወሰዱ ለየብቻ ከመውሰድ ይሻላል፤ የጎንዮሽ ጉዳቱም ግን አብሮ ይደመራል። ዱታስቴራይድ የፒኤስኤን፣ ማለትም ለፕሮስቴት ካንሰር ፍተሻ የሚደረገውን የደም ምርመራ፣ ውጤትም በግማሽ ያህል ዝቅ ስለሚያደርገው፣ ስመረመር መድኃኒቱን እንደምወስድ መናገር አለብኝ። ይሄንንም ያወቅኩት ከሷ ነው።

ሌላ አማራጭም አለ፤ በየቀኑ 5 ሚሊግራም ታዳላፊል። እጢውን አያሳንስም፣ ግን ለሽንቱም ለስንፈቱም ይረዳል። "የልብ መድኃኒት ናይትሬት ይወስዳሉ?" አለችኝ። አልወስድም። ከሱ ጋር በፍጹም አይወሰድም አለች። ከታምሱሎሲን ጋር ሲሆንም የደም ግፊት ሊወርድ ይችላል።

እዚያው ልትሸጥልኝ ትችል ነበር። አልሸጠችልኝም። "በራስዎ እንዳያቋርጡ" ብላ፣ የነገረችኝን በወረቀቱ ላይ ጽፋ ወደ ዩሮሎጂስት (የሽንት ቧንቧና የፕሮስቴት ሐኪም) ላከችኝ። ሐኪሙ ግፊቴን ለካ፣ እጢዬን በአልትራሳውንድ አየ፣ ያን ያህል ትልቅ አይደለም አለ። ዱታስቴራይዱን አስቁሞ ታዳላፊል ጨመረልኝ። ለውጡ ባንድ ጀምበር አልመጣም፤ ዱታስቴራይድ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። አሁን ሌሊት አንዴ ነው የምነሳው። የቀረውን ባለቤቴ ታውቃለች።

ፋርማሲውን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ከሰዓት ሂዱ። ጠዋት የሚገባው ልጅ ሒሳብ ተቀብሎ "ቀጣይ!" ነው የሚለው።