ነዳጅ ሲሰጡት የሚያፏጭ መኪና፦ ቱቦ መቀየር ወይስ ቱርቦ ማስፈታት?

ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን ሽቅብ ሲወጡ መኪናው ያፏጫል? ፉጨቱ ጎልቶ የሚሰማው እንዲህ ያለ ዳገት ላይ ነው። ሞተሩ ጭነት ሲበዛበት ቱርቦው (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚልከው መሣሪያ) አየር በኃይል ይገፋል። ይህን አየር ወደ ሞተሩ የሚያደርሰው ቱቦ የተሰነጠቀ ከሆነ አየሩ በስንጥቁ እያፏጨ ይወጣል።

ምልክት፦ ቱቦ ከሆነ ጉልበት ይቀንሳል፤ የናፍጣ መኪና ጥቁር ጭስ ያበዛል። ቱርቦ ከሆነ ድምፁ እንደ አምቡላንስ ሳይረን ይቀጥናል፣ ጭሱ ሰማያዊ ይሆናል፣ የሞተር ዘይትም ይጎድላል።

ወጪ፦ ቱቦና ማሰሪያው ርካሽ ነው። ቱርቦ ኪስ ያራቁታል።

ቅለት፦ ቱቦውን እርስዎም ማየት ይችላሉ። ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ኮፈኑን ይክፈቱ። ከቱርቦው እስከ ሞተሩ አየር ማስገቢያ ያለውን መስመር በእጅ እየጫኑ ይዳብሱ። ስንጥቅ፣ የላላ ማሰሪያ ወይም አዲስ የዘይት ወዝ ካገኙ ጥርጣሬዎ እዚያ ይሁን። ቱርቦ መፍታት ግን የመካኒክ ሥራ ነው።

አደጋ፦ ቱቦው ቢዘገይ ነዳጅ ይበላል። ቱርቦው ግን አይዘግይ! በውስጡ የሚሽከረከረው ዘንግ ከላላ ክንፎቹ ሊሰበሩ፣ ስብርባሪውም ሞተር ውስጥ ሊገባ ይችላል። እባክዎ በዚህ ሁኔታ ያንን ዳገት አይሞክሩት።

ፉጨት ብቻ ከሆነና ዘይቱ ካልጎደለ ከቱቦው ይጀምሩ። ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ጋራዥ ገብተው «ቱርቦው አልቋል» ቢባሉ፣ መጀመሪያ ቱቦው ይፈተሽልኝ ይበሉ። ሰማያዊ ጭስ ካለ ግን ቱቦ ላይ ጊዜ አያጥፉ፤ በቀጥታ የቱርቦው ዘንግ ይታይ።